የኦበራመርጋው የሕማማት ትርኢት የመታሰቢያ ካርዶች፤ ለማስተማሪያነት ያላቸው ዋጋና ጉድለት

ሥዕል ከቃል ይልቅ ፈጥኖ በልጅ አእምሮ እንደሚቀረጽ ለመምህራን የተሰወረ አይደለም። ይሁን እንጂ ስሕተት የያዘ ሥዕልም እውነት እንደያዘው ሁሉ በአእምሮ ጸንቶ ይኖራል። ስለሆነም ለማስተማሪያ መርጃነት የሚመረጥ ፎቶግራፍ እንደ መማሪያ መጽሐፍ ሁሉ አስቀድሞ ሊመረመር ይገባዋል። ለዚህ ዓይነቱ ምርመራ ጥሩ ምሳሌ የሚሆኑት፣ በጀርመን አገር በባቫሪያ በምትገኘው በኦበራመርጋው መንደር የሚቀርበውን የሕማማት ትርኢት የሚያሳዩት የመታሰቢያ ካርዶች ናቸው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የትርኢቱ ታሪክ ባጭሩ የሚከተለው ነው። በ1633 ወረርሽኝ በመንደሪቱ በገባ ጊዜ ነዋሪዎቹ ከመቅሠፍቱ ቢድኑ የክርስቶስን ሕማማትና ሞት በየዐሥር ዓመቱ በትርኢት ለማሳየት ተሳሉ። ስእለታቸውንም በ1634 መፈጸም ጀመሩ። ከ1680 ወዲህ ትርኢቱ በየዐሥር ዓመቱ መባቻ እንዲውል ተደረገ፤ ሆኖም ጦርነትና በሽታ አልፎ አልፎ አሰናክለውታል። የ1920ው ወደ 1922 ተላለፈ፤ የ1940ው ፈጽሞ ቀረ፤ የ2020ውም በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት በ2022 ታየ። ተጫዋቾቹ የመንደሪቱ ተወላጆች ወይም ሃያ ዓመት የኖሩባት ሰዎች መሆን አለባቸው። ሰው ሠራሽ ጠጉር ስለማይፈቀድ፣ ከአንድ ዓመት በላይ ቀደም ብለው ጠጉራቸውንና ጢማቸውን ያሳድጋሉ።

የሙኒኩ ፎቶግራፍ አንሺ ዮሴፍ አልበርት በ1870 እና በ1871 የቀረበውን ትርኢት በፎቶግራፍ ካነሣ በኋላ፣ የተጫዋቾቹ መልክ ከመንደሪቱ ወጥቶ በብዙ አገር ታወቀ። ከ1880 ጀምሮ የእንግሊዙ የቶማስ ኩክ ድርጅት ጎብኚዎችን ወደዚያ ያመላልስ ስለነበር፣ ካርድ የሚገዛውም ሰው በዚያው መጠን በዛ። የፖስታ ካርድ በተስፋፋበት በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ደግሞ እያንዳንዱ ተጫዋችና ዋና ዋናው ትዕይንት በካርድ ታትሞ ይሸጥ ነበር።

ካርዶቹ ሁሉ በአንድ ሚዛን የሚመዘኑ አይደሉም። ከሁሉ የሚታመኑት «ሕያው ሥዕል» የተባሉትን ትዕይንቶች የሚያሳዩት ናቸው። በእነዚህ ትዕይንቶች ተጫዋቾቹ ከብሉይ ኪዳን የተወሰደ አንድ ታሪክ ሠርተው ሳይንቀሳቀሱ ሲቆሙ መዘምራን ይዘምራሉ። ነገሩ ራሱ ጸጥ ያለ ስለሆነ ካርዱ የሚያጎድልበት መዝሙሩንና ቀለሙን ብቻ ነው። ሌሎቹ ትዕይንቶች ግን በተመልካች ፊት ሲፈጸሙ የተነሡ ሳይሆኑ ለፎቶግራፍ ሲባል የተደረደሩ ናቸው። የመጨረሻውን እራት የሚያሳየው ካርድ የሊዮናርዶ ዳ ቪንቺን ዝነኛ ሥዕል የሚያስታውሰው፣ የእንጨት ቅርጻ ቅርጽ ባለሙያዎች መንደር የሆነችው ኦበራመርጋው የሰውን አቋም ከሥነ ጥበብ ወግ የተማረች በመሆኗ ነው። በመሆኑም ካርዱ የሚመሰክረው ስለ ኢየሩሳሌም ሳይሆን ስለ ኦበራመርጋው ነው።

የነጠላ ሰው ምስል የያዙት ካርዶች ይህን ይበልጥ ያስረዳሉ። በ1900፣ በ1910 እና በ1922 ክርስቶስን ሆኖ የተጫወተው አንቶን ላንግ በሙያው ሸክላ ሠሪ ነበር። ምስሉ ያለበት ካርድ ፊርማው እየታከለበት በእጅጉ ከመሰራጨቱ የተነሣ፣ ለብዙ ገዢዎች የተጫዋቹ መልክ የክርስቶስ መልክ ሆኖ ቀርቷል። ዮሐን ጽቪንክ ደግሞ በወጣትነቱ ተወዳጁን ደቀ መዝሙር ዮሐንስን፣ ኋላም በ1890፣ በ1900 እና በ1910 ከዳተኛውን ይሁዳን ሆኖ ተጫውቷል። የዚህን ሰው ሁለት ካርዶች ጎን ለጎን የተመለከተ ተማሪ፣ ክፋት ከፊት ቅርጽ የሚነበብ እንዳልሆነ ያለ ብዙ ማብራሪያ ይረዳል። የማርያምም ካርድ የራሱ ምስክርነት አለው። እስከ 1990 ድረስ ያገቡ ሴቶችና ዕድሜያቸው ከ35 ዓመት ያለፈ ሴቶች በትርኢቱ እንዳይጫወቱ ተከልክለው ስለነበር፣ በድሮዎቹ ካርዶች እናቲቱ የልጇ እኩያ መስላ ትታያለች።

ከሁሉ የከበደው ጉድለት ግን አይሁድ የተሣሉበት መንገድ ነው። ክርስቶስና ደቀ መዛሙርቱ ለስላሳ ልብስ የለበሱ የመንደሪቱ ሰዎች መስለው ሲታዩ፣ የአይሁድ ካህናት ቀንድ መሰል ቆብ ደፍተው ባዕድና አስፈሪ ሆነው ይቀርባሉ። በዚህ አሣሣል ኢየሱስም፣ እናቱም፣ ሐዋርያቱም አይሁድ እንደነበሩ ይሰወራል፤ የሞቱም ዕዳ በአንድ ሕዝብ ላይ ይጫናል። ይህ ተራ የአለባበስ ጉዳይ አይደለም። ሂትለር ትርኢቱን በ1930 እና በ1934 ተመልክቷል፤ የ1934ቱ የሦስት መቶኛ ዓመት በዓል ለናዚ መንግሥት ፕሮፓጋንዳ አገልግሏል። የሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1965 አይሁድ ሁሉ በክርስቶስ ሞት እንደማይወቀሱ ካወጀ በኋላ እንኳ፣ የ1970ው ትርኢት ብዙ ተቃውሞ ገጥሞታል። እርምቱ የጎላው ክርስቲያን ሽቱክል ከ1990 ጀምሮ አዘጋጅ ከሆነ ወዲህ ነው። ቀንድ መሰሉ ቆብ ተወግዷል፤ ሕዝቡ ደሙን በራሱና በልጆቹ ላይ የሚጠራበት ቃል ወጥቷል፤ ኢየሱስም ዕብራይስጥ የሚጸልይ አይሁዳዊ ሆኖ ቀርቧል።

ተውኔት ሊታረም ይችላል፤ የታተመ ካርድ ግን አይታረምም። የቀድሞዎቹ ካርዶች ዛሬም በየመሳቢያው፣ በየአልበሙና በየመጽሐፉ ይገኛሉ። ከእነዚህ አንዱ «የክርስቶስ ፍርድ» የሚል መግለጫ ብቻ ተጽፎበት በክፍል ግድግዳ ላይ ቢሰቀል፣ መንደሪቱ ራሷ የተወችውን ስሕተት ለአዲስ ትውልድ ያስተምራል።

ይህም ማለት ካርዶቹ ከትምህርት ቤት ይራቁ ማለት አይደለም። የሚያስፈልገው አቀራረባቸውን መለወጥ ነው። የመማሪያ መጽሐፍ አዘጋጆች እንዲህ ያለውን ፎቶግራፍ ሲያትሙ፣ የተነሣበትን ቦታና ዓመት እንዲሁም የትርኢት ምስል መሆኑን ከሥሩ ሊገልጹ ይገባል። መምህሩም ካርዱን ከወንጌሉ ምዕራፍ ጋር አስተያይቶ፣ በጽሑፉ የሌለ በሥዕሉ ግን የተጨመረው ምን እንደሆነ፣ ማን ውብ ማንስ አስቀያሚ ሆኖ እንደተሣለ፣ ይህንንም የወሰነው ማን እንደሆነ ተማሪዎቹን ሊጠይቅ ይችላል። ጥያቄው ለታሪክም ሆነ ለግብረ ገብ ትምህርት እኩል ያገለግላል። በክፍሉ ውስጥ ያለው ፎቶግራፍ አንድ ብቻ በሚሆንበት ትምህርት ቤት ደግሞ ጥንቃቄው የበለጠ ያስፈልጋል፤ ተማሪው የሚያስተያይበት ሌላ ሥዕል በሌለበት ቦታ፣ መመዘኛ ሆኖ የሚቀርብለት የመምህሩ ጥያቄ ብቻ ነውና።