ከመምህርነት ወደ ፖሊሲ ጥናት፦ «ፍቅር እስከ መቃብር» ለትምህርት ተመራማሪ ያለው ፋይዳ

ብዙ ዘመን በማስተማር ቆይቶ በትምህርት ፖሊሲ የዶክትሬት ጥናት የሚጀምር መምህር በቅድሚያ የሚጠየቀው በመስኩ የተጻፉትን ጥናቶች እንዲያነብ ነው። ይህም ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ተመራማሪው ከጎጃም ደጋ የመጣ እንደሆነ፥ ከጥናቶቹ ጋር አብሮ ሊመረምረው የሚገባ አንድ ልብ ወለድ አለ፤ ይኸውም በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው።

ደራሲው በደብረ ማርቆስ አካባቢ ተወልደው፥ በጎጃም የቅኔን ትምህርት ቀስመው፥ በኋላም በዘመናዊ ትምህርት ቤት ተምረው በመምህርነት ያገለገሉ፥ ከዚያም ለትምህርት ሚኒስትርነትና ለፕላን ሚኒስትርነት የበቁ ሰው ናቸው። ስለሆነም መጽሐፉ የሚመዘነው በፍቅር ታሪክነቱ ብቻ አይደለም፤ የመማሪያ ክፍሉንም የመንግሥት መሥሪያ ቤቱንም የሚያውቅ ሰው ስለ መምህር የሰጠው ፍርድ ጭምር ነው።

የመጽሐፉ ዐቢይ ብርታት መምህሩን በኅብረተሰቡ ውስጥ ባለው ቦታ ላይ አቁሞ ማሳየቱ ነው። በዛብህ በእውቀቱ ተፈልጎ ወደ ፊታውራሪ መሸሻ ቤት ይገባል፤ ነገር ግን እውቀቱ የድኻ ልጅነቱን አይሽርለትም። ሰብለ ወንጌልን እንዲያስተምር ይፈቀድለታል፤ እኩያዋ እንዲሆን ግን አይፈቀድለትም። ጉዱ ካሣም እውነቱን የሚናገረው እንደ እብድ እየተቆጠረ ነው። ትምህርትን የሚያከብር ኅብረተሰብ የተማረውን ሰው ቃል ሳይቀበል ሊቀር እንደሚችል መጽሐፉ በግልጽ ያሳያል።

ይህ ማለት ግን መጽሐፉ ጉድለት የለበትም ማለት አይደለም። ዋናው የትምህርት ግንኙነት በአንድ ሊቅና በአንዲት የባላባት ልጅ መካከል የተወሰነ ስለሆነ፥ ከብት ጠባቂው የገበሬ ልጅ ከፊደል ርቆ የቀረበት ምክንያት በቂ ምርመራ አልተደረገበትም። ይህን ጥያቄ በሰፊው ያነሣው በ1964 ዓ.ም. የተጠናቀቀው የትምህርት ሴክተር ጥናት ነበር። 14 የጥናት ቡድኖች የተሳተፉበት ይህ ጥናት ለገጠሩ ልጅ የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት እንዲዳረስ ሐሳብ አቀረበ። ዓላማው በጎ ነበር፤ በብዙ መምህራን ዘንድ ግን ኑሯቸውን የሚጎዳ፥ የድኻውንም ልጅ ከአራተኛ ክፍል በላይ እንዳይዘልቅ የሚያግድ ሆኖ ታየ። በየካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ አቆሙ፤ ዕቅዱም ሳይፈጸም ቀረ።

ሁለቱ ሥራዎች ጎን ለጎን ሲነበቡ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይገልጣል። ልብ ወለዱ መምህሩን አይቶ ሰፊውን ተማሪ ዘነጋ፤ ጥናቱ ሰፊውን ተማሪ አይቶ መምህሩን ዘነጋ። የቀድሞው መምህር ወደ ፖሊሲ ጥናት ሲሻገር ሊሞላው የሚገባው ክፍተት ይህ ነው። በመኸር ወራት የመማሪያ ክፍሉ ለምን እንደሚሳሳ፥ ወንዝ በሞላ ቀን የትኛው ልጅ እንደሚቀር እርሱ በዓይኑ አይቷል። ይሁን እንጂ ይህ ልምድ ትክክለኛውን ጥያቄ ያስገኛል እንጂ መልሱን አይተካም፤ አንድ ትምህርት ቤት አገርን ሊወክል አይችልምና።

ስለዚህ ተመራማሪው ያገኘውን ውጤት ለማዕርጉ ማሟያ ብቻ ሳያደርግ፥ ፖሊሲ ከመሆኑ በፊት ተመልሶ ለመምህራን ሊያቀርበው ይገባል። ዕቅድ አውጪውም ቢሆን መምህሩን ትእዛዝ ፈጻሚ ብቻ አድርጎ ከማየት ተቆጥቦ፥ ሐሳቡን አስቀድሞ ሊያዳምጥ ይገባዋል። የ1966ቱ ልምድ እንደሚያስተምረው፥ በጎ ዕቅድም ቢሆን መምህሩ ካላመነበት ከወረቀት አልፎ ክፍል ውስጥ አይደርስም።