በመድረክ ላይ የወለቀው ሻሽ፤ ስለ ኦርሃን ፓሙክ «በረዶ» የቀረበ ሒስ

የቱርኩ ደራሲ ኦርሃን ፓሙክ «በረዶ» የተባለውን ልብ ወለድ ያሳተመው በ2002 ነው (ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። መጽሐፉ የሚመሰገነው በሃይማኖተኞችና በዓለማውያን መካከል ያለውን ጠብ ሳያዳላ አሳይቷል በመባል ነው። እኛም ምስጋናውን በከፊል እንቀበላለን። ነገር ግን ጠቡ በሴቶች ራስ ላይ የተነሣ ሆኖ ሳለ፣ ሴቶቹ ራሳቸው የሚከራከሩበት ስፍራ እጅግ ጠባብ መሆኑን ለማመልከት እንወዳለን።

ታሪኩ ባጭሩ ይህ ነው። ካ የተባለ ባለቅኔ ከፍራንክፈርት ስደቱ ተመልሶ በሰሜን ምሥራቅ ቱርክ ወደምትገኘው ካርስ ይሄዳል። በከተማዪቱ ሻሻቸውን ካላወለቁ ከትምህርት የሚከለከሉ ልጃገረዶች አሉ። ክልከላውን ያስፈጸመው የትምህርት ተቋም ዲሬክተር በጥይት ይገደላል። ከዚያም ሱናይ ዛይም የተባለ የቴአትር ሰው ከወታደሮች ጋር ሆኖ ከተማዪቱን ይይዛል። ከቀድሞ ኮሙኒስት አባት የተወለዱት ሁለት እኅትማማች ለየወገናቸው ምሳሌ ናቸው፤ ኢፔክ ራሷን አትሸፍንም፣ ካዲፌ ግን የባለ ሻሾቹ መሪ ናት።

የደራሲው ብርታት በመድረኩ ትዕይንት ላይ ይታያል። ካዲፌ በሕዝብ ፊት ሻሿን የምታወልቀው ሐሳቧን ለውጣ አይደለም፤ የምትወደው ላጂቨርት ከእስር እንዲፈታ የተጠየቀችው ዋጋ ነው። አውልቂ የሚላት ወንድ ነው፤ አታውልቂ የሚላትም ወንድ ነው። ይህ ከእውነተኛው ታሪክ አይርቅም። በ1999 መርቬ ካቫክቺ የተባለችው ተመራጭ ሻሽ አድርጋ ወደ ምክር ቤት ብትገባ በጩኸት ተቀበሏት፤ ቃለ መሐላም ሳትፈጽም ወጣች። በዩኒቨርሲቲዎችም ከ1997 ወዲህ የጠነከረው ክልከላ የላላው በ2010 ገደማ ነው።

ጉድለቱስ ምንድን ነው? ኢፔክና ካዲፌን የሚያቀያይማቸው የአገር ጉዳይ ሳይሆን ሁለቱም የወደዱት አንድ ወንድ፣ ያው ላጂቨርት ነው። ዓለማዊቱ ሴት ሻሽን ስለ ምን ትፈራለች? ከአንድ በላይ ማግባትን የከለከለው የ1926 የፍትሐ ብሔር ሕግና በ1934 የተገኘው የመምረጥ መብት እንዳይነካባት ነው። ሃይማኖተኛይቱስ ስለ ምን ትቈጣለች? መብት ሰጠሁ የሚለው መንግሥት የትምህርት ቤቱን በር ስለ ዘጋባት ነው። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ መጽሐፉ ግን ፊት ለፊት አያጋጥማቸውም። በመድረኩም ላይ ንግግሩ በጥይት ይቋረጣል።

ደራሲ ነቢይ አይደለም፣ ከ2002 በኋላ ስለሆነው አይጠየቅም የሚል ይኖር ይሆናል። ዳሩ ግን ባልን የቤተሰብ ራስ ያደርግ የነበረውን ሕግ ለማስለወጥ የሴቶች ማኅበራት ደክመው፣ ማሻሻያው በ2001 ጸድቋል፤ ይኸውም መጽሐፉ ከመታተሙ በፊት ነው። ኋላም ሴቶችን ከጥቃት የሚጠብቀውን የኢስታንቡል ስምምነት ለመተው በ2020 ክርክር ሲነሣ፣ ለገዥው ፓርቲ ቅርብ የሆነው ካዴም የተባለው የሴቶች ማኅበር ሳይቀር ለስምምነቱ ተከራክሯል። ቱርክ ግን በ2021 በፕሬዚዳንቱ ውሳኔ ከስምምነቱ ወጣች።

እንግዲህ ሻሽ ያደረገችውና ያላደረገችው ሁልጊዜ በተቃራኒ ወገን አይቆሙም። «በረዶ» ወንዶች በሴቶች ስም እንዴት እንደሚጣሉ በሚገባ ያስተምራል። ሴቶቹ በራሳቸው ስም እንዴት እንደሚጣሉና እንደሚስማሙ ለማወቅ ግን አንባቢ ሌላ መጽሐፍ መፈለግ ይኖርበታል።