«የወርቅ ቀፎ» ስለሚባለው መጽሐፍ

በጪጩና በዲላ ላሉ አንባቢዎቻችን የረኃብን ነገር ማስተማር አያሻም። በ2010 ዓ.ም. ብዙ መቶ ሺህ ሕዝብ ከጌዴኦና ከምዕራብ ጉጂ ቀዬው ተፈናቅሎ በየትምህርት ቤቱና በየመጠለያው በወደቀ ጊዜ፥ የሚበላ ማጣት ምን እንደ ሆነ ሁሉ አይቶታል። ዛሬ የምንመረምረው መጽሐፍ ግን የሚናገረው፥ ማዕዱ ተዘርግቶ እናት «ብዪ ልጄ» እያለች ስትለምናት አልበላም ስለምትል ልጅ ነው።

ሐኪሞች ይህን ደዌ አኖሬክሲያ ነርቮዛ ይሉታል። በዚህ ስም የጻፈበት እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ገል ነው፤ ጽሑፉም በፈረንጆች አቆጣጠር በ1874 ታተመ። «የወርቅ ቀፎ»ን በ1978 የጻፉት ሂልዴ ብሩክ ደግሞ በጀርመን አገር ተወልደው፥ በሂትለር ዘመን ተሰደው፥ በኋላ በአሜሪካ በሂውስተን ከተማ የአእምሮ ሕክምና ያስተማሩ ሴት ሐኪም ነበሩ።

የመጽሐፉ ዋጋ ከወዴት ነው ቢሉ፥ ሕመምተኞቹን ከማናገሩ ነው። የባለጠጋ ልጅ የሆነች አንዲት ሕመምተኛ ራሷን በወርቅ የወፍ ቀፎ እንደ ተዘጋች ድንቢጥ ታያለች፤ ለዚያ ቤት ጌጥነት የማትበቃ ተራ ወፍ፥ ደግሞም እንደ ወፍ መብረር የተከለከለች። የመጽሐፉ ስም ከዚህ ወጣ። ብሩክ እንዲህ ያለውን ንግግር ሰምተው የደረሱበት ፍርድ፥ እነዚህ ልጆች የሚሹት ውበትን ብቻ አይደለም፤ በሕይወታቸው የራሳቸው የሆነ ነገር አጥተው ሆዳቸውን በማዘዝ ብቻ ጌትነትን ያገኛሉ የሚል ነው።

ይህ ፍርድ ለእኛ እንግዳ ሊሆንብን አይገባም። በ2004 የታተመ አንድ ምርመራ በሰሜን ምሥራቅ ጋና 668 ሴት ተማሪዎችን መዝኖ፥ 10ሩ በፈቃዳቸው ራሳቸውን በማስራብ እንደ ከሱ አገኘ። ዐሥሩም ስለ ውፍረታቸው አልተጨነቁም፤ ነገሩን የሚያዩት እንደ መንፈሳዊ በጎነት ነበር። ምእመኑ በዓመት 180 ቀን ያህል በሚጾምበት አገር እንዲህ ያለው ደዌ ከጾም ልብስ በታች ቢሸሸግ ማን ያውቀዋል? ምናልባት የነፍስ አባት ከሐኪም አስቀድሞ ያየው ይሆናል። በፋሲካ ሁሉ ሲፈስክ የአንዲት ልጅ ጾም ሳይፈታ ከቀረ ሊጠይቃትና ወደ ሐኪም ሊመራት ይገባዋል። የሐዋርያት ቀኖና ዐቢይ ጾምን ሲያዝ በሥጋ ድካም የተከለከለውን ለይቶ ይተወዋልና፥ ይህን ጠቅሶ «ብዪ» ቢላት ቃሉ ከእናት ቃል ይልቅ ይሰማ ይሆናል።

ወደ ሕክምናው የመጣን እንደ ሆነ፥ ክብደትን ስለ መመለስ የሚናገረው ምዕራፍ አሳብን ስለ መለወጥ ከሚናገረው ይቀድማል፤ ይህም መልካም ሥርዓት ነው። በ1944 እና በ1945 በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ 36 ጤነኛ ወንዶች በፈቃዳቸው 6 ወር ያህል ምግባቸው በግማሽ ተቀንሶ በተመረመሩ ጊዜ፥ ዘወትር ምግብን ሲያስቡ፥ ሲተክዙና ሲቆጡ ታይተዋል። የተራበ አእምሮ ምክር አይሰማም። ነገር ግን ብሩክ በሽልማትና በቅጣት ብቻ ማብላትን አጥብቀው ይነቅፋሉ፤ ሕመምተኛዋ ከሆስፒታል ለመውጣት ስትል ትበላለች፥ ከወጣች በኋላም መልሳ ትከሳለችና።

ነቀፌታችን በወላጆች ነገር ነው። ሐኪሟ በቤተ ሰብ፥ ይልቁንም በእናት ላይ የጫኑት ሸክም እጅግ ከባድ ነው። ገልም በዘመኑ ዘመዶችን ክፉ አስታማሚዎች ብሏቸው ነበር። ከ1980ዎቹ ጀምሮ ግን በለንደን የሞድስሊ ሆስፒታል ሐኪሞች ልጆቹን የማብላቱን ሥራ ለወላጆች ሰጥተው፥ ሕመማቸው ባልቆየ ታናናሽ ልጆች ዘንድ መልካም ፍሬ አገኙበት። ጉርሻን ለሚያውቅ አንባቢ ይህ አያስደንቀውም። (ጉርሻም በግድ ሲሆን ፍቅርነቱ እንደሚቀር አንዘነጋም።)

ሌላው ጉድለት፥ በሕመሙ ምዕራፎች የልጆቹ ድምፅ ሲሰማ፥ በመዳኑ ምዕራፎች የሚበዛው የሐኪሟ ድምፅ መሆኑ ነው። ድንቢጧ ከቀፎው ወጥታ የመጀመሪያውን ቁርስ እንዴት እንደ በላች፥ ከባልንጀሮቿ ጋር ለምሳ ስትቀመጥ ምን እንደ ፈራች፥ የቀድሞ ልብሷ በጠበባት ቀን ምን እንዳለች እርሷ ራሷ ብትነግረን በወደድን ነበር።