ማርቲንጋል ስለሚባለው ቃል

የሰው ልጅ ጥፋቱን በመልካም ስም መጥራት ይወዳል፤ ስሙ ሲያምርለትም ጥፋቱ ብልኀት ይመስለዋል። ማርቲንጋል የሚባለው የፈረንሳዮች ቃል ለዚህ ምስክር ነው። በቁማር ቋንቋ ማርቲንጋል ማለት፣ የተሸነፈ ሰው እስኪያሸንፍ ድረስ የሚያስይዘውን ገንዘብ በየጊዜው ዕጥፍ ማድረግ ነው። አንድ ጊዜ ቢያሸንፍ የጠፋው ሁሉ ይመለሳል፤ መጀመሪያ ያስያዘውንም ያህል ያተርፋል። ይኸው ቃል በፈረንሳይኛ ፈረስ ራሱን ወደ ላይ እንዳያነሣ የሚያዝበት ጠፍር ስም ነው። ለፈረስ መግቻ የሆነው ስም ለቁማርተኛ መጋለቢያ መሆኑ ያስደንቃል።

እስቲ በቍጥር እንመርምረው። ማሸነፍና መሸነፍ እኩል በሆነበት፣ አሸናፊም ያስያዘውን ዕጥፍ በሚቀበልበት ጨዋታ አንድ ወጣት በ10 ብር ይጀምር እንበል። ቢሸነፍ 20፣ ቀጥሎ 40፣ 80፣ 160፣ 320፣ በሰባተኛውም 640 ብር ያስይዛል። ሰባቱንም ቢሸነፍ 1270 ብር ከኪሱ ወጣ፤ ስምንተኛው 1280 ብር ይጠይቀዋል፤ ቢያሸንፍ ግን ትርፉ ያው 10 ብር ነው። ሰባት ጊዜ በተከታታይ መሸነፍ በአማካይ ከ128 ሙከራ አንድ ጊዜ ይደርሳል። ስለዚህ ገንዘቡ እስከ ሰባተኛው ብቻ የሚበቃ ሰው፣ በ127ቱ ሙከራ ዐሥር ዐሥር እያለ 1270 ብር ይለቅማል፤ በአንዱ ሙከራ ያንኑ 1270 ብር ያፈሳል። አወራራጁ ድርሻውን ካነሣ ደግሞ የሚቀረው ኪሳራ ብቻ ነው። ዣን ቪል የተባለ ፈረንሳዊ የሒሳብ ሊቅ በ1939 እ.ኤ.አ. ይህን ቃል ወደ ሒሳብ አስገባው፤ ዛሬ በሒሳብ ማርቲንጋል የሚባለው፣ ያለፈውን ሁሉ ማወቅ በአማካይ ምንም የማያስተርፍበት ጨዋታ ነው።

በየካ፣ ከእንጦጦ ሥር ባለው በፈረንሳይ ለጋሲዮን ሰፈር፣ የዚህን ቃል ስም የሚያውቅ አላጋጠመኝም፤ ግብሩን የሚያውቅ ግን አለ። በእግር ኳስ ውጤት የሚወራረዱ ወጣቶች «የተበላሁትን ላስመልስ» ሲሉ ሰምቻለሁ። «ተበላሁ» እውነተኛ ቃል ነው። «ላስመልስ» ግን ሐሰተኛ ነው፤ ሰው የሚያስመልሰው ያበደረውን ወይም የተሰረቀውን ነውና። ወዶ ያስያዘው ገንዘብ የሌላ ሰው ሆኗል፤ የሚያስመልሰው የለውም፤ የሚያደርገው አዲስ ገንዘብ መጣል ነው። ፈረንሳይኛው ኪሳራን ብልኀት አስመሰለ፤ የእኛው ደግሞ መብት አስመሰለው። ሁለተኛው ይብሳል፤ ብልኀቱን የተጠራጠረ ሰው ሊተው ይችላል፤ መብቴ ነው ያለ ግን የቤት ኪራዩን ጭምር ይዞ ይሟገታል።

ከእንጦጦ ጭራሮ ተሸክመው ይወርዱ የነበሩ እናቶች ሲደናቀፉ ሸክማቸውን አላጠፉም፤ አውርደው ዐረፉ እንጂ። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ይባላል። ወጣት አንባቢ ሆይ፣ «ላስመልስ» የሚል ቃል ወደ አፍህ ሲመጣ፣ በእጅህ የቀረውን ቍጠርና ተነሥ፤ ያንተ የሆነው እርሱ ብቻ ነው።