ከቁጥሩ በፊት አካሄዱ

በአይቪኤፍ፣ ማለትም ፅንሱ በላቦራቶሪ በሚጀመርበት ሕክምና፣ እንቁላል ማሳደጊያ መርፌ እየወሰደች የደም ውጤቷን የተቀበለች ሴት መጀመሪያ የምትጠይቀኝ «ዶክተር፣ ጥሩ ነው?» ብላ ነው። ወረቀቱ ላይ ኢስትራዲዮል (ዋናው የኢስትሮጅን ዓይነት) 900 ይላል። ብቻውን የቆመ 900 ጥሩም መጥፎም አይደለም። ከትናንት በስቲያ 400 ከነበረ መርፌው እየሠራ ነው፤ 850 ከነበረ ግን ያሳስበኛል። ሕክምናውን ውጭ አገር ጀምራ የመጣች ደግሞ 3,300 የሚል ወረቀት ይዛ ትደነግጥ ይሆናል፤ የተለካው በፒኮሞል ከሆነ ለ3.67 ሲካፈል ያው የእኛው 900 ፒኮግራም ነው።

አልትራሳውንዱን ሳላይም መልስ አልሰጥም። አንድ የበሰለ ፎሊክል፣ ማለትም እንቁላል የሚያድግበት ከረጢት፣ በግምት ከ200 እስከ 300 ፒኮግራም ይጨምራል። አሥር ትልልቅ ፎሊክል እየታየኝ ደሙ 500 ካለኝ መጠየቅ እጀምራለሁ። ሌትሮዞል እየወሰደች ከሆነ መልሱ እዚያው ነው፤ መድኃኒቱ ራሱ ኢስትሮጅንን ዝቅ ያደርጋል።

ፎሊክሉ ጥቂት ሆኖ ቁጥሩ ሲሰቀል ደግሞ ባዮቲንን እጠረጥራለሁ። «የምትወስጂው መድኃኒት አለ?» ስላት «ኧረ ምንም» ትለኛለች፤ ቫይታሚንን መድኃኒት ብሎ የሚቆጥር ጥቂት ነው። «ለፀጉርሽ፣ ለጥፍርሽስ?» ስላት ብልቃጡን ከቦርሳዋ ታወጣለች። ብዙ የላቦራቶሪ ማሽኖች ባዮቲንን ማያያዣ አድርገው ስለሚሠሩ፣ ደሟ ውስጥ ከበዛ ኢስትራዲዮልንና ፕሮጄስትሮንን ከፍ፣ ኤልኤችን (እንቁላል እንዲለቀቅ የሚያደርገውን ሆርሞን) ዝቅ አድርገው ሊያነቡ ይችላሉ። በእንዲህ ያለ ቁጥር ተመርቶ የመርፌዋን መጠን መቀነስ እሷን መበደል ነው።

ከሁሉ የሚከብደኝ ማህፀንን ለእርግዝና የሚያዘጋጀው ሆርሞን፣ የፕሮጄስትሮን ነገር ነው። የእንቁላል ማብሰያው መርፌ በሚሰጥበት ቀን ከ1.5 ናኖግራም በሚሊ ሊትር ካለፈ፣ የማህፀኑ ሽፋን ከሽሉ ቀድሞ ሊሄድ ስለሚችል፣ ብዙ ጊዜ ሽሎቹን አቀዝቅዘን ለሌላ ወር እናቆያቸዋለን። ይህን ከደሴ መጥታ ዘመድ ቤት ላረፈች፣ የዓመት ፈቃዷን ለጨረሰች ሴት መንገር ቀላል አይደለም። «አልተሳካም ማለት ነው?» ትላለች። «አይደለም፤ እንቁላሎችሽን እናወጣለን፣ ያልገጠመው ጊዜው ነው» እላታለሁ። ከዚያ የየቀኑን ወረቀቶች ጎን ለጎን ዘርግቼ ፕሮጄስትሮኑ የቱ ጋ እንደተነሣ በእስክሪብቶ እከብላታለሁ። ውጭ ወረፋ ቢኖርም ይህን አልዘልም። ቀጣዩን ቀጠሮ የምንይዘው እሷ ጠይቃ ስትጨርስ ነው።