በመንኮራኩር የተረገጠ መቃብር
ስለ ሁለት የጉዞ ልብ ወለዶች የቀረበ ሂስ

«ዘ ዌይ ዌስት»፣ በእኛ አነጋገር «የምዕራቡ መንገድ» ልንለው የምንችለው የኤ. ቢ. ጋትሪ ልብ ወለድ፣ በክበባችን ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ሰንብቷል። ያነበብነው ሁሉ በአንድ አፍ «ይህስ የእኛው ታሪክ ነው» አልን። እኔም ብያለሁ። መጽሐፉን ሁለተኛ ጊዜ ሳነበው ግን አባባላችን የችኮላ ሆኖ ስላገኘሁት፣ ይህን ሂስ፣ በከፊልም ግለ ሂስ፣ ለአንባቢያን አቀርባለሁ።

አስቀድሞ ስለ ሥራው ጥቂት ልበል። ጋትሪ በሞንታና ያደገ ጋዜጠኛ ነበር። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1949 ታትሞ በተከታዩ ዓመት የፑሊትዘርን ሽልማት አግኝቷል። ታሪኩ የሚፈጸመው በ1845 ሲሆን፣ ሸራ የለበሱ ሠረገሎቻቸውን እየነዱ ከሚዙሪ ወደ ኦሪገን የሚሰደዱ ገበሬዎችን ይከተላል። መንገዱ 3,200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በቀን 20 ኪሎ ሜትር ከተኬደ መልካም ቀን ይባላል፤ ጉዞው ከአራት እስከ ስድስት ወር ይፈጃል። በረዶ ተራራውን ሳይዘጋው ማለፍ የግድ ነው። በ1846 የዶነር ቤተሰብ የነበረበት ቅፍለት አቋራጭ አገኘሁ ብሎ ዘግይቶ፣ በሲየራ ኔቫዳ በረዶ ተይዞ ግማሹ ያህል አልቋል፤ ከተረፉትም አንዳንዶቹ የሞቱትን ሥጋ በልተው ነው የተረፉት።

የጋትሪ ብርታት በሁለት ነገር ላይ ይታያል። አንደኛው የዕለት ሥራን ማወቁ ነው። የበሬው ኮቴ መቼ እንደሚነቃ፣ ወንዙ በየት በኩል እንደሚሻገሩት፣ እንጨት በሌለበት ሜዳ ሴቶቹ በጎሽ ኩበት እሳት እንደሚያነድዱ ያውቃል። ኩበት ለቅማ የምታውቅ አንባቢ እዚህ ላይ ደራሲው እንዳልዋሻት ወዲያው ትረዳለች።

ሁለተኛው የአመራር ጉዳይ ነው። የቅፍለቱ የመጀመሪያ አለቃ ታድሎክ ብልህ፣ ትጉህ፣ ግን ትእዛዝ ወዳድ ሰው ነው። ውሾች ሁሉ ይገደሉ የሚል ነገር ሲመጣ፣ ላይጅ ኢቫንስ የተባለው ዝምተኛ ገበሬ ሮክ የተባለ ውሻውን አልሰጥም ብሎ ይቆማል። ነገሩ የውሻ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ብዙ ሰው በአንድ መንገድ ሲሄድ የአንዱ ሥልጣን ከየት ጀምሮ የት ላይ ሊያበቃ ይገባዋል የሚለው ጥያቄ ነው። በኋላ ኢቫንስ በታድሎክ ቦታ ይተካል። «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» እንላለን፤ ጋትሪ ግን አንዳንዴ ያጣፍጣል ይላል፣ ምክንያቱንም ያሳያል። ኢቫንስ ራሱን የሚጠራጠር፣ ከማዘዙ በፊት የሚስቱን የርብቃን ፊት የሚያይ ሰው በመሆኑ ነው። የምግብ ሰልፍ ያስተባበረም ሆነ የተሰለፈ ሰው ይህን ምዕራፍ ያንብብ።

ይህን ያህል ካመሰገንኩ በኋላ፣ ታሪኩ የእኛ ነው ወይ ወደሚለው ልመለስ። አይደለም። እነዚያ ሰዎች ተዘጋጅተው የወጡ ናቸው። የዚያን ዘመን የጉዞ መምሪያ ለአንድ ሰው 90 ኪሎ ያህል ዱቄት እንዲያዝ ይመክር ነበር። በሬያቸውን መርጠው፣ መሬታቸውን ሸጠው፣ ጎረቤት ተሰናብተው ነው የሄዱት። ከፊታቸውም መሬት ይጠብቃቸዋል፤ የ1850 ሕግ በኦሪገን ለሠፈረ ነጭ ባልና ሚስት 640 ኤከር ይሰጥ ነበር፣ ይኸውም በእኛ ልክ ከስድስት ጋሻ በላይ ነው። ከፊቱ ስድስት ጋሻ የሚጠብቀውና ከኋላው እሳት የሚያባርረው መንገደኛ እኩል ቢደክሙም፣ ድካማቸው አንድ አይደለም።

መሬቱም ባዶ አልነበረም። የፖኒ፣ የሱ፣ የሾሾኒና የሌሎች ሕዝቦች አገር ነበር። በዚህ ዓይነት ልብ ወለድና ፊልም ነባሩ ሕዝብ አብዛኛውን ጊዜ እንደ አውሬ ከኮረብታ ጀርባ ብቅ ይላል። የታሪክ ጸሐፊው ጆን አንሩ በ1979 በታተመው ጥናቱ ከ1840 እስከ 1860 ያለውን ቆጥሮ፣ ነባሮቹ የገደሏቸው መንገደኞች 362፣ መንገደኞቹ የገደሏቸው ነባሮች ደግሞ 426 መሆናቸውን አሳይቷል። መንገደኛውን በብዛት የፈጀው በሽታ ነው፤ በተለይ ከ1849 እስከ 1852 ኮሌራ ነበር። ጋትሪ ከብዙዎቹ ይሻላል፤ ነባሮቹን በሚያውቅ መሪ ዓይን እንድናያቸው ያደርገናልና። ቢሆንም የምናያቸው ከሠረገላው ላይ ሆነን ነው። ጥቁሮችንም ታሪኩ አያነሣም። የኦሪገን ጊዜያዊ መንግሥት በ1844 ጥቁሮች እንዳይሠፍሩ ሕግ አውጥቶ ነበር። በዚያው ዓመት ከሚዙሪ የተጓዘው ጥቁሩ ጆርጅ ቡሽ በዚህ ሕግ ምክንያት ከኮሎምቢያ ወንዝ ወደ ሰሜን አልፎ ለመሥፈር ተገድዷል። ለእኛ የሚቀርበን የእርሱ ታሪክ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነቀፌታዬ ልግባ። በመጽሐፉ ውስጥ የፌርማን ቤተሰብ ትንሽ ልጅ አለ። ወላጆቹ የተሰደዱት ትኩሳት ስለሚያሠቃየው ለጤናው ብለው ነው፤ በመንገድ ግን እባብ ነድፎት ይሞታል። ምዕራፉ ከልብ የተጻፈ ነው። ሆኖም ቅፍለቱ ማለፍ አለበት፣ ልብ ወለዱም አብሮት ያልፋል። በታሪክም መንገደኞች አውሬ እንዳይቆፍረው ብለው ሙታናቸውን ከመንገዱ መካከል ቀብረው ሠረገላ ይነዱበት ነበር። ጋትሪ እንደ ደራሲ ይህንኑ ያደርጋል። ልጁ በመድረሻው ደስታ ላይ የተከፈለ ዋጋ ይሆናል፤ ዋጋው ተከፍሏልና ሒሳቡ ይዘጋል።

ሒሳቡን ያልዘጋ ሌላ መጽሐፍ አለ። ኖርዌያዊው ስደተኛ ኦ. ኢ. ሮልቫግ በገዛ ቋንቋው የጻፈውና በ1927 በእንግሊዝኛ የወጣው «ጃየንትስ ኢን ዘ ኧርዝ» ነው። ጉዞው በመጀመሪያ ምዕራፎች ያበቃል፤ ቀሪው ከደረሱ በኋላ ያለው ነው። ፐር ሃንሳ በ1873 ዳኮታ ገብቶ በደስታ ያርሳል። ሚስቱ ቤሬት ግን መሸሸጊያ ዛፍ በሌለበት ሜዳ አእምሮዋ ይናወጣል። አንድ ቀን ሌላ መንገደኛ ቤተሰብ ይመጣል። ልጃቸው በመንገድ ሞቶ ያለ ሣጥን ቀብረውታል። እናቱ ወደ መቃብሩ ካልተመለስኩ እያለች ስላስቸገረች፣ ባልዋ በሠረገላው ውስጥ በገመድ አስሯታል። የሠፈሩ ወንዶች ተመልሰው መቃብሩን ይፈልጋሉ። ሣሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ነውና አያገኙትም።

በእኔ አስተያየት ሮልቫግ ከጋትሪ የሚበልጠው በዚህ ነው። አላገኙትም፣ ግን ሄደው ፈለጉ። ልብ ወለዱም ወደ ፊት መሄዱን ትቶ አብሯቸው ተመለሰ። ያቺ የታሰረች እናት በታሪኩ ውስጥ ጥቂት ገጽ ብቻ ብትይዝም፣ ከእርሷ በኋላ የፐር ሃንሳን እርሻና አዝመራ እንደ ቀድሞው ደስ ብሎን ማንበብ አንችልም።

ይህን የምጽፈው ለአሜሪካኖች መጻሕፍት ደረጃ ለመስጠት ብዬ አይደለም። በዚህች በእጅ በምንገለብጣት መጽሔታችን የጉዞ ታሪኮች እየበዙ ነው። መልካም ነገር ነው። ነገር ግን አብዛኞቹ በሦስተኛው ገጽ አንድ ሰው ይሞታል፣ በአራተኛው ድንበር ይሻገራሉ፣ በመጨረሻው ተስፋ ይለመልማል። የሞተው ስም እንኳ የለውም። እኔ ራሴ ባለፈው ዓመት የጻፍኩት እንዲሁ ነበር፤ በመንገድ የቀረችውን አክስቴን በአንድ ዓረፍተ ነገር አሳልፌያታለሁ። ታሪኩ ይፈጥናል ብዬ ነው። ማንም አልነቀፈኝም፤ ሊነቅፈኝ ይገባ ነበር።

ስለዚህ ለጸሐፊዎቻችን የማቀርበው ጥያቄ ይህ ነው። የምትገድሉትን ገጸ ባሕርይ ስም ስጡት፤ የተቀበረበትን ዛፍ ወይም ድንጋይ ንገሩን፤ ከደረሳችሁ በኋላም ማን ስለ እርሱ እንቅልፍ እንዳጣ አሳዩን። እኔም የአክስቴን ታሪክ እንደገና ጀምሬዋለሁ። ሂሴን የሚቃወም ብዕሩን ያንሣ፤ ሁለቱም መጻሕፍት በክበቡ ሣጥን ውስጥ ይገኛሉ።