የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂና የቆቦ መምህር፦ አጭር ሒስ

ትምህርት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣው የልዩ ፍላጎትና አካቶ ትምህርት ስትራቴጂ፣ ጉዳት ያለባቸው ሕፃናት ከእኩዮቻቸው ጋር እንዲማሩና ለአጎራባች ትምህርት ቤቶች የድጋፍ ማዕከላት እንዲቋቋሙ መወጠኑ የሚያስመሰግነው ነው። ጉድለቱ ያለው በዓላማው ሳይሆን፣ መምህሩ ያየውን ችግር ወደ መርማሪ ባለሙያ የሚያደርሰው መንገድ በተግባር በመጥበቡ ላይ ነው።

ኦቲዝም በመግባባትና በማኅበራዊ ግንኙነት ችግር፣ ኤዲኤችዲ የተባለው ደግሞ በትኩረት ማነስና በመቅበጥበጥ ይታወቃል። የአሜሪካ ሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ ሁለቱ በአንድ ሕፃን ላይ በአንድነት እንዲመዘገቡ የፈቀደው በ2013፣ ማለትም ስትራቴጂው ከወጣ ከአንድ ዓመት በኋላ ነው።

ጉዳዩ በቆቦና በራያ ቆላ ሲታይ ይብሳል። ወንበሩን ትቶ የሚዞረው ተማሪ «ረባሽ» ይባላል፤ መቅበጥበጡ ጎልቶ ስለሚታይ የመግባባት ችግሩ ይሸፈናል። ቆቦ በ2021 እና በ2022 ጦርነት ስላለፈባት ተመሳሳይ ጠባይ ከድንጋጤም ሊመነጭ ይችላል። ስለሆነም መምህሩ ጠባዩ ከጨቅላነት የጀመረ መሆን አለመሆኑን ወላጅን መጠየቅ፣ ያየውንም ከነቀኑና ከነሁኔታው መመዝገብ ይኖርበታል።

ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በ2002 የመሠረቱት ጆይ የኦቲዝም ማዕከል የሚገኘው በአዲስ አበባ፣ ከቆቦ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ነው። ማሽላ አምራች ቤተሰብ ይህን ያህል መንገድ እንዲመላለስ መጠበቅ ስትራቴጂውን በወረቀት ላይ ማስቀረት ነው። ዕቅድ አውጪዎች ባለሙያው ወደ ቆቦ የሚሄድበትን በጀት ሊይዙ ይገባል። አጭርና ግልጽ ትእዛዝ፣ የማይለዋወጥ የትምህርት ሰዓት፣ የፊት መቀመጫና የመንቀሳቀሻ ዕረፍት ግን የሐኪም ወረቀት እስኪመጣ የሚዘገዩ አይደሉም።